ልቡ ያበጠ

ባሕሩ የቀላው ሐሙስ ለት ነው፣ ማታ፤
የኡም አል-ኩዌይን ወደብ ዝም አለ ላንዳፍታ።
ጁማ መረቡን ሲስብ ከበደው፤ ደስ አለው፤
ሲያወጣው ዝልግልግ ነው፣ ዓሣ የሚባል የለው።
የደም ቀለም አይደል፣ የሻይም አይደለ፣
ዝገት እንዳደረበት ባልዲ የመሰለ።

ሲመሽ ግን ያበራል፤ ሞገዱ ሲሰበር
ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከዳር እስከ ዳር።
ልጆቹ በእግራቸው ሲረጩት፣ ሳቃቸው!
እያሳሳቀ ነው ውሃ ሰው ሲወስድ፤ ማን በነገራቸው።

የእኔ ሥራ ወለል ነው፣ የጣቢያው፣ የማታ፤
ባልዲ፣ መወልወያ፣ የክሎሪን ሽታ።
ዶክተር ሻምሳ ግን አንድ ሌሊት ጠራችኝ፣
«ሉባባ፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው» ብላ አስቀመጠችኝ
ማይክሮስኮፑ ፊት፣ እጄ ገና እርጥብ ሳለ፤
የብረት መቁጠሪያ መዳፌ ውስጥ ዋለ።
«አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፤ በመታ ቁጥር ጫኚ» አለችኝ።
«ምኑ ሲመታ?» አልኩ። «ልቡ።»
ልብ አልኩኝ።

ሐሙር የሚሉት ዓሣ እንቁላሉ ከሰናፍጭ ያንሳል፤
መስታወት ነው ግን፤ ጓዳው ሁሉ ይታያል።
በንጹሑ ሳህን ልብ ሲጀምር ቀሰም፤
ቀጥ ብሎ ይመታል፣ ገና ክፍል የለም።
ሌሊቱን ይታጠፋል፣ እንደተኛ ሕፃን ጉልበት፤
ሲነጋ ሁለት ክፍል፦ መግቢያና መውጫ ቤት።
አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይልካል፣ ሳያርፍ፣ ሳይቆጥር፤
(የላኪውን ክፍል ወዲያው አወቅሁት፣ ያለ አስተማሪ፣ ያለ ምስክር።)
መቶ አርባ ሁለት ጊዜ ጫንኩ በደቂቃ፤
አውራ ጣቴ ደከመ፣ እሱ ገና ሲነቃ።

ሁለተኛው ሳህን ያው ውሃ፣ ያው ጨው፣ ያው ሙቀት፤
የተጨመረችው አንዲት ጠብታ ናት፣ ቀዩ አልጌ የተፋት።
እዚያ ልብ አልታጠፈም። ክር ሆኖ ቀረ፤
መታጠፊያው እንደጠፋው መንገደኛ ባለበት አደረ።
ዙሪያው ውሃ ሞልቶ ከረጢቱ ተነፋ፤
ከማበጡ ብዛት ደረቱን ገፋ።

በእኛ ሰፈር ልቡ አበጠ የሚሉት ጥጋበኛን፣
በሰላምታ የሚኮራ፣ ንቆ የሚያልፍ ታላቁን።
ይህ ግን ምን በልቶ ጠገበ? አፉ ገና አልተከፈተ፤
ከእንቁላሉ ሳይወጣ በማን ላይ ሸፈተ?

ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ስምንት። ደገምኩ፤ ሃምሳ አንድ።
ላኪው ክፍል በባዶው ይጨመቃል፤ ደሙ አላገኘም መንገድ።

ሻምሳ በቀጭን ቧንቧ አንስታ ወደ ንጹሑ አዛወረችው።
እስኪነጋ ጠበቅን። ውሃው ሌላ ነው፤ ልቡ ያው ነው።
«ቀልብ» አለች፣ «በእኛ አፍ መገልበጥም ማለት ነው፤
ያልዞረን ምን ብለን ቀልብ እንለዋለን?» ዝም አልኩ፤ ቀልቤን ወሰደው።
«ሰዓቱ አልፏል» አለች፣ መነጽሯን እያወለቀች፤
ለመታጠፍ አንዲት ሌሊት ነበረችው፤ እሷም ትናንት አለፈች።

ጠዋት ስወጣ የባሕር ውሃ ማጣሪያው ቆሟል፤
ከሱቁ ደጃፍ ሰው ለታሸገ ውሃ ሰልፍ ይዟል።
ጁማ ጀልባው ጥላ ሥር መረቡን ይሰፋል፤
«አባቴም አይቶታል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል» ይላል።

እውነቱን ነው፤ ይሄዳል። የማይሄደው ያ ያልታየው ነው፣
ዳርቻው ላይ ሬሳ ሆኖ ማንም ያልቆጠረው፤
የከርሞ ሐሙር፣ ከሰናፍጭ ያነሰ፣
መረብ ሳይነካው፣ በገዛ ቤቱ የፈረሰ።
ልነግረው ነበር። መርፌውን ባፉ ይዞ ክር ያስገባ ነበር፤
ከክር ቀጥሎ ምን ብዬ ልናገር?

መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፦ «ምት»፣ «አስተያየት»።
ቁጥሩን ጽፌአለሁ። ሌላውን ባዶ ተውኩት።
አሁን አውቶቡስ ውስጥ አውራ ጣቴ ባዶ መዳፌን ይጫናል፤
ሃምሳ አንድ ላይ ይቆማል።
ይጠብቃል።